ፎንዱ በሸክላ ድስት፦ ለሐምሌ ብርድ፣ ለስድስት እንግዳ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሐምሌ ቀልድ አያውቅም። ጭጋጉ ከጠዋት ይወርዳል፤ ማታ ጋቢ ሳይደርቡ መቀመጥ አይታሰብም። ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ አለው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሃል ያሉት ቀናት፣ ረቡዕና አርብ ሲቀነሱ፣ ለቺዝ የተመቹ ናቸው። እኔም ፎንዱ የምሠራው በእነዚህ ሳምንታት ነው።

ፎንዱ የስዊዞች ምግብ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «የቀለጠ» እንደማለት ነው። ቺዝ በነጭ ወይን ይቀልጣል። ድስቱ ከነእሳቱ መሃል ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ዙሪያውን ከብቦ ዳቦ እያጠቀሰ ይበላል። ቺዝን ከወይን ጋር የማብሰል አሠራር ዙሪክ ውስጥ በፈረንጆች 1699 ተጽፎ ተገኝቷል። ብሔራዊ ምግብ ተብሎ የገነነው ግን በፈረንጆች 1930ዎቹ ነው፤ የስዊዝ ቺዝ ነጋዴዎች ማኅበር ሽያጩን ለማሳደግ ብዙ ቀስቅሷል።

መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ድስቱን አዩና «ይኼማ የፈረንጅ ተጋቢኖ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በሸክላ እየተንተከተከ ይቀርባል፣ ከአንድ ድስት ይበላል፣ በዳቦ ይጠረጋል። እቃውም አበላሉም ለእኛ አዲስ አይደለም። የሚያስቸግረው ቺዙ ነው።

አይብ ለምን አይሆንም

ይህን ሁሉም ይጠይቀኛል። ጎጃም ተቀምጠን፣ አገር የሚያውቀው ቅቤና አይብ እያለን፣ ለምን ሱቅ እንሄዳለን?

ሞክሬዋለሁ። ግማሽ ኪሎ ለጋ አይብ ወይን ውስጥ ጨመርኩና አማሰልኩ። አልቀለጠም። ይባስ ብሎ ውሃውን ተፋና ደረቀ። መጨረሻ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ወይን ውስጥ ሲዋኝ ቀረ።

ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። አይብ የሚወጣው እርጎው ተንጦ ቅቤው ከተነሳ በኋላ ከቀረው አሬራ ነው። አሬራው ኮምጣጣ ነው። ቀስ ብሎ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ተሰብስቦ ይረጋል፣ አጓቱ ይለያል። እንዲህ በኮምጣጣነትና በሙቀት የረጋ ነገር እንደገና ቢያሞቁት የበለጠ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። እነ ጎውዳና ግሩዬር የሚባሉት የፈረንጅ ቺዞች ግን በሬኔት፣ ማለትም ወተት በሚያረጋ ኢንዛይም፣ የተሠሩ ናቸው። ፕሮቲናቸውን አንድ ላይ የያዘው ካልሲየም ነው። ሙቀት ሲያገኙ ይለሰልሳሉ። የወይኑ ኮምጣጣነት ደግሞ ካልሲየሙን ያላላዋል፣ ቺዙም ይፈሳል። አይባችሁን ለክትፎና ለጎመን አቆዩት።

ምን እንገዛ

ስዊዞቹ ግሩዬርን ከኤመንታል፣ ወይም ከቫሽራን ጋር ግማሽ በግማሽ ያዋህዳሉ። እነዚህን ደብረ ማርቆስ ላይ ማግኘት ዘበት ነው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሰው ካለ ሱፐርማርኬት ገብቶ ጎውዳና ፕሮቮሎኔ ያምጣላችሁ። ጎውዳው በደንብ ይቀልጣል፣ ፕሮቮሎኔው ጣዕም ይሰጣል። ሞዛሬላ ብቻውን አይሆንም። እንደ ማስቲካ ይሳባል፤ እንግዳው ዳቦውን ይዞ ቆሞ ክሩን ሲጠቀልል ያመሻል።

ለስድስት ሰው እኔ የምጠቀመው ይህን ነው፦

600 ግራም ጎውዳና 400 ግራም ፕሮቮሎኔ
400 ሚሊ ሊትር ጣፋጭ ያልሆነ ነጭ ወይን
3 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች
2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት
የአንድ ሎሚ ጭማቂ
2 የሾርባ ማንኪያ አረቄ
ትንሽ ገውዝና ቁንዶ በርበሬ

ጨው የለበትም፤ ቺዙ ራሱ ይበቃዋል።

ወይኑ ላይ አትሳሳቱ። ጣፋጭ ወይን ፎንዱውን ከረሜላ ያደርገዋል። አክሱማይት ጣፋጭም ቀይም ስለሆነ ለዚህ አይታሰብም። ጠጅም አይሞከር፤ ማሩ ያጣፍጣል፣ ጌሾው ይመርራል። መጠጥ የማይነካ እንግዳ ካለ ወይኑን በቀላል የአትክልት መረቅ ተኩት፣ ሎሚውን ሁለት አድርጉት፣ አረቄውን ተዉት። «ሲበስል አልኮሉ ይጠፋል» ብላችሁ አታባብሉ፤ ሁሉም አይጠፋም።

አረቄው የእኔ ጭማሪ ነው። ስዊዞቹ ከቼሪ ፍሬ የሚወጣ ኪርሽ የሚሉት ጠንካራ መጠጥ ያንጠባጥቡበታል። እኛ ጋ አረቄ እያለ ኪርሽ ፍለጋ መንከራተት ምን ያደርጋል? ዳግም የወጣ አረቄ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው።

ዳቦው ትናንት የተጋገረ ይሁን

ትኩስ ዳቦ ሹካ ላይ ይፈርሳል፣ ድስት ውስጥ ይቀራል። አንድ ቀን ያደረ ድፎ ዳቦ ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በኮባ የተጋገረ ከሆነ ሽታውም አብሮ ይመጣል። አንድ ጉርሻ በሚያህል ቁረጡትና እያንዳንዱ ቁራሽ ከቅርፊቱ ጫፍ እንዲኖረው አድርጉ። ሹካው የሚሰካው ከልስላሴው በኩል ገብቶ ቅርፊቱ ላይ ነው፤ ያኔ አይወልቅም።

ከዳቦ ሌላ ድንች ቀቅሉ። ትንንሹ ከነልጣጩ ጥሩ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ድንቹ መጽሐፍ ላይ ከሚጻፈው ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ቀድማችሁ ጣዱት። ካሮትና የአበባ ጎመን ለብ አድርጎ መቀቀልም ይቻላል።

ረጅሙን የፎንዱ ሹካ ከየት እናምጣ ካላችሁ፣ እኔ የእንጅባራ ቀርከሃ አስጠርቤ ነው የምጠቀመው። አንድ ክንድ ይሙላ፣ ጫፉ ይሹል። ለእያንዳንዱ እንግዳ የተለያየ ቀለም ክር እሰሩበት፣ አለዚያ የማን የማን እንደሆነ ይጠፋል።

ድስቱና እሳቱ

ወፍራም የሽሮ ሸክላ ድስት ያዙ፤ አፉ ሰፋ ያለ። በደንብ የተሟሸ ይሁን። ያልተሟሸ ድስት ቺዝ ይመጥጣል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ቀዝቃዛ ሸክላ ድንገት ኃይለኛ እሳት ላይ አይጣድም።

ለማቅረቢያ ደግሞ ሸክላ ጥብስ የሚቀርብበትን፣ ፍም ከሥሩ የሚያዘውን ሸክላ ተጠቀሙ። ጥቂት ፍም አድርጉበትና አመድ አልብሱት። አመድ የለበሰ ፍም ልክ ፎንዱ የሚፈልገውን ሙቀት ይሰጣል። ግን መስኮት ክፈቱ። በብርድ ምክንያት በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው

ቺዙን በመፈግፈጊያ ፈግፍጉት። ቆራርጦ መጨመር ይቻላል፣ ግን እኩል አይቀልጥም። የተፈገፈገውን ከስታርቹ ጋር በእጃችሁ ለውሱት፤ ፍርፋሪው ሁሉ ነጭ አቧራ ይልበስ። ስታርቹ ቺዙ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንዳይጓጉል፣ ዘይቱም እንዳይለይ የሚከለክለው ነው። ስታርች ከጠፋ የስንዴ ዱቄት እጥፍ አድርጉ።

ነጭ ሽንኩርቱን ለሁለት ሰንጥቁና የድስቱን ውስጥ እሹት። እኔ ከዚያ አድቅቄ እዚያው እተወዋለሁ፤ አውጥቶ የሚጥለውም አለ።

ወይኑንና ሎሚውን ጨምሩ። በመካከለኛ እሳት አሙቁ። እንፋሎት ሲያወጣና ጥቃቅን አረፋ ከሥሩ ሲነሳ ይበቃል። አይፍላ። እሳቱን ቀንሱ።

አሁን ቺዙን እፍኝ በእፍኝ ጨምሩ። አንዱ እፍኝ ሳይቀልጥ ሌላው አይገባም። ማማሰያውን ክብ ሳይሆን ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ ማማሰል ጥሩ ነው፤ መሃሉንም ዳሩንም ይነካል። ይህ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ቁማችሁ አማስሉ። ስልክ ቢጠራ ይጥራ።

መጀመሪያ ቀጭን፣ ሾርባ መሳይ ይሆናል። አትደንግጡ። የመጨረሻው እፍኝ ሲገባ ይወፍራል። ከማማሰያው ላይ እንደ ለጋ ማር ተያይዞ ሲወርድ ደርሷል። አረቄውን፣ የተፈገፈገ ገውዝና ቁንዶ በርበሬውን ጨምሩ። አንዴ አማስላችሁ ወደ ፍሙ አዛውሩት።

ሲበላሽ

ይበላሻል። የእኔ የከፋው ቀን እንግዶቹ ደጅ ደርሰው ነበር። ቺዙ አልፈጥን ሲለኝ እሳቱን ጨመርኩ። በሁለት ደቂቃ ላዩ ዘይት ሆነ፣ ሥሩ ጎማ። ያን ማታ በቢላ እየቆረጥን በላነው። እንግዶቹ ጨዋ ናቸው፤ «እንዲህ ነው እንዴ የሚበላው?» ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም።

ዛሬ ቢገጥመኝ ድስቱን ወዲያው ከእሳት አወጣለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች በሎሚ ጭማቂ በጥብጬ እጨምርና በኃይል እመታዋለሁ። ከዚያ በጣም ዝግ ያለ እሳት ላይ እመልሰዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ሌላ ዘዴም አለ። በሦስት ማዕዘን ተጠቅልሎ የሚሸጠው ለስላሳ ቺዝ ውስጥ ዘይትና ውሃን የሚያስታርቅ ጨው አለበት። ሁለት ሦስቱን መጣል ድስቱን ያድናል። የቺዝ አዋቂ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

በጣም ከወፈረ ሞቅ ያለ ወይን ጠብ አድርጉ። ቀዝቃዛ አትጨምሩ። ከቀጠነ ደግሞ አንድ እፍኝ ቺዝ ይበቃዋል።

ማዕድ ላይ

ዳቦውን የሚያጠቅስ ሁሉ ሥሩን እየነካ ያማስል። ካልተማሰለ ያርራል። ዳቦ ድስት ውስጥ የጣለ ሰው ቅጣት አለበት። ስዊዞቹ ወይን ያስገዙታል። እኛ ቤት ቡናውን የሚወቅጠው እሱ ነው፤ ሙቀጫው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሁለቴ የጣለ ውሃም ይቀዳል።

ጉርሻ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የቀለጠ ቺዝ ምላስ ይልጣል። አያት ማጉረስ ከፈለጉ መጀመሪያ እፍ ይበሉበት። ከጎን ሚጥሚጣ አኑሩ፤ ስዊዝ ባያደርገውም የጎጃም ሰው ቺዙን ያለ እሱ ሦስት ጉርሻ አያልፍም። ለመጠጥ የቀረው ነጭ ወይን፣ ወይም ትኩስ ሻይ ከዝንጅብል ጋር ጥሩ ነው።

ድስቱ ሲያልቅ ሥሩ ላይ ቡናማ ቅርፊት ትቀራለች። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ስዊዞች «መነኩሲት» ይሏታል። በማንኪያ ፍቃችሁ ተካፈሏት፤ ከምግቡ ሁሉ የምትጣፍጠው እሷ ናት። እኛ ቤት በእሷ ጠብ ስለሚነሳ እናቴ ናት የምታከፋፍለው።

የተረፈ ካለ ጠዋት እንቁላል ላይ አድርጉት። ድስቱን በሙቅ ውሃ አትጀምሩ፤ ቺዙ ይለጥፋል። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት፣ በማግስቱ በእንጨት ፋቁት። ሳሙና አይንካው፤ ሸክላ ሳሙና ይመጥጥና የሚቀጥለው ሽሮ ላይ ይመልስላችኋል።