የተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ የትምህርት ዓላማ እንዴት ይጻፋል?

«ተመራቂው የቴርሞዳይናሚክስን መሠረታዊ ሐሳቦች ይረዳል።» ይህን የመሰለ ዓላማ ከካሪኩለም አይጠፋም። መረዳቱ በምን ይታወቃል? የገባውም ያልገባውም ተማሪ ያንኑ ትርጉም ሸምድዶ ሚድ ላይ ይጽፈዋል።

ስለዚህ ዓላማውን ስትጽፉ ከኮርሱ ርዕስ አትነሱ፤ ተማሪው ሲሠራው ከሚታይ ነገር ተነሱ። ለምሳሌ ደሴ 2,500፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የአየር ግፊቱ ስለሚለያይ ንጹሕ ውሃ ደሴ ላይ በ92፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። እንግዲህ፦ «ተመራቂው በሁለቱ ከተሞች ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት አስልቶ ይተነብያል፤ ይለካል፤ ያገኘው ልዩነት ከስህተት ወሰኑ መብለጡን በማስረጃ ያሳያል።» ሦስት ግስ ስላለው ሦስት ዓላማ አድርጋችሁ ክፈሉት፤ አንዱን የሚችል ሌላውን ላይችል ይችላል።

ከባዱ ሦስተኛው ነው። በ1 ዲግሪ የተከፋፈለ ቴርሞሜትር ሲነበብ በ0.5 ዲግሪ ሊያሳስት ይችላል፤ የሁለት ንባብ ልዩነት ሲሆን ስህተቱ እስከ 1 ይደርሳል። የምንፈልገው ልዩነት 2 ብቻ ነው። ሁለት የተለያዩ ቴርሞሜትሮች ከተያዙ የአንዱ መዛባት ውጤቱን ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ያው አንዱ መሣሪያ ሁለቱም ቦታ ይሂድ። ጫፉም የቢከሩን ታች አይንካ። ይህን ሳይነገረው ያሰበ ተማሪ ዓላማውን አሟልቷል።

የመስክ ዓላማም ይኑር። ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ የቦርከና ወንዝ ቅርብ ነው፦ ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት በላይና በታች ናሙና ወስዶ የሟሟ ኦክስጅን መለካት። ጠርሙሱ ሞልቶ ይፍሰስ፣ አረፋ አይቅርበት። ኦክስጅኑን አስረው የሚያቆዩት ማንጋኒዝ ሰልፌቱና አልካላይን አዮዳይዱ ወንዙ ዳር ይጨመሩ፤ አለበለዚያ ላቦራቶሪ (ላብ) እስኪደረስ ደቂቅ ነፍሳቱ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፣ ወንዙም ከሆነው በላይ የተበከለ ይመስላል።

ለዲግሪው በጠቅላላ ከስድስት እስከ ስምንት ዓላማ ይበቃል። ሃያ የጻፈ ዲፓርትመንት የሚፈትነው ጥቂቱን ነው። ዓላማዎቹን ወደ ታች፣ ኮርሶቹን ወደ ጎን ደርድሩና በየሣጥኑ «ተዋወቀ»፣ «ተለማመደ» ወይም «ተፈተነ» ብላችሁ ሙሉ። «ተፈተነ» የሌለበት ረድፍ ጌጥ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የላብ ረድፍ ነው። በአምስት ሰው ቡድን አንዱ ይለካል፣ አራቱ ይገለብጣሉ፣ ሪፖርቱ ግን ለሁሉም ነጥብ ያመጣል። መድኃኒቱ የ10 ደቂቃ የግል ፈተና ነው፦ ከ1 ሞላር መፍትሔ 10 ሚሊ ሊትር በፒፔት ወስዶ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ቮልሜትሪክ ፍላስክ 0.1 ሞላር ማዘጋጀት። ፒፔቱን በአፍ ሳይሆን በፓምፕ መሳቡ፣ ምልክቱን በዓይን ትክክል ማንበቡና መጨረሻ ላይ ፍላስኩን ደጋግሞ መገልበጡ ለየብቻ ነጥብ ይያዝላቸው። ሳይገለበጥ የቀረ መፍትሔ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን፣ በምርጫ ጥያቄ ስሌትንና ትንበያን ይለካል እንጂ እጅን አይለካም። የእጁን ሥራ ዲፓርትመንቱ ራሱ፣ ከመጨረሻው ሴሚስተር በፊት ይፈትን፤ የወደቀ ተማሪ ዳግም የሚለማመድበት ጊዜ እንዲተርፈው። አብዛኛው ተማሪ አንድ ረድፍ ላይ ከወደቀ ደግሞ መጀመሪያ ላቡ ውስጥ ስንት ፒፔት እንዳለ ቁጠሩ።