የሳሎን ተክል ቅጠል ቢጫ ሲሆን ውሃ ከመጨመርዎ በፊት
በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ ክረምት ሲገባ የሳሎን ተክል ቅጠል ቢጫ መሆን ከጀመረ፣ ብዙ ሰው የጠማው መስሎት አብዝቶ ያጠጣዋል፤ ነገር ግን ፀሐይ በሚጠፋበትና አየሩ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ተክሉ የሚጠቀመው ውሃ ስለሚቀንስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የውሃ መብዛት ነው። ስለዚህ አስቀድመው ጣትዎን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ያስገቡና እርጥበት ካለው ማጠጣቱን ይተዉት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከጠወለገ ወይም አፈሩ ከሸተተ፣ ተክሉን ከነሥሩ በጥንቃቄ አውጥተው ይመልከቱ፤ ጤናማ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ሲሆን፣ የበሰበሰው ግን ቡናማ ነው፤ ሳብ ሲያደርጉት ልጣጩ እየተገፈፈ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው፣ ከታች ቀዳዳ ባለው ዕቃ፣ አሸዋና ብስባሽ በተቀላቀለበት አዲስ አፈር ይትከሉት። ዋልካ አፈር ውሃ አፍኖ ስለሚይዝ ብቻውን ፈጽሞ አልመክርም።

ሥሩ ጤናማ ሆኖ የታችኞቹ ቅጠሎች በብዛት ቢጫ ከሆኑ የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ስለሚችል በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይጨምሩለት፤ አንድ አሮጌ ቅጠል አልፎ አልፎ ቢረግፍ ግን ተፈጥሯዊ ነው። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ ስለማይሆን፣ ማገገሙን የሚያውቁት በአዲሱ ቅጠል ነው።