የቤት አበልዎ ተቆርጦ ለኪራይ ስንት ይተርፋል? ለግል ተከራይ ሠራተኛ የቀረበ የአሰላል መመሪያ

በቅጥር ደብዳቤው ላይ «የቤት አበል ብር 5,000» የሚል መስመር ያነበበ ሠራተኛ፣ ቤት ፍለጋ ሲወጣ ገንዘቡ እንዳለ ለኪራይ የሚውል አድርጎ ማሰቡ የተለመደ ነው። ከደላላ ጋር በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ ሲመላለስ ውሎ አንድ አከራይ 12,000 ብር ሲሉት፣ 5,000ውን ከመሥሪያ ቤቱ፣ 7,000ውን ከደመወዙ አድርጎ ወዲያው በልቡ ይደለድለዋል። እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን እንደጀመርሁ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ውሉን ፈርሜ፣ ቅድመ ክፍያውንም ከዘመድ ተበድሬ ከከፈልሁ በኋላ የወሩ ደመወዝ ሲወጣ፣ አበሉ ሩብ ያህሉ ጎድሎ ደረሰኝ፤ ጉድለቱንም ለብዙ ወራት ከአስቤዛ እየቀነስሁ ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ በደመወዝ ሒሳብ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ደመወዝ በወጣ ማግሥት «አበሌ የት ሄደ?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ወጣት ሠራተኞችን አስተናግጃለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ጥያቄው ውል ከመፈረሙ በፊት እንዲነሳ ስለምፈልግ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት አለበት። በውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው፣ መንግሥት ለግል ተከራይ የኪራይ ድጎማ እንደሚሰጥ ሰምቶ እዚህም ተመሳሳይ ነገር ሊፈልግ ይችላል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ለግል ተከራይ የሚታሰበው ድጋፍ ጣሪያው የሚወሰነው በአካባቢው የኪራይ ዋጋና ቤተሰቡ በሚያስፈልገው የመኝታ ክፍል ቁጥር ሲሆን፣ የተከራዩ ገቢም እየታየ ይቀነሳል። በእኛ አገር ለግል ተከራይ የሚከፈል እንዲህ ያለ አጠቃላይ የመንግሥት ድጎማ የለም። ያለው አሠሪው በቅጥር ውል፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በውስጥ ደንቡ መሠረት የሚከፍለው የቤት አበል ነው። አበሉ የመኝታ ክፍል አይቆጥርም፣ የቤተሰብ ብዛትም አይጠይቅም፤ በደመወዙ ላይ ተደምሮ ይመጣል፣ ከደመወዙ ጋርም ግብር ይከፈልበታል።

የችግሩ ሁሉ ምንጭ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ የሚባለው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን አበልንም ይጨምራል። የመጓጓዣ አበልና የውሎ አበል በተወሰነላቸው ልክ ከግብር ነፃ የሚሆኑበት አግባብ ስላለ ብዙ ሠራተኛ የቤት አበልም እንደ እነርሱ ነፃ ይመስለዋል፤ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል ግን ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይሰላበታል። አሠሪው በገንዘብ ፈንታ ቤቱን ራሱ ተከራይቶ ሠራተኛውን የሚያኖር ከሆነ፣ ጉዳዩ በዓይነት የሚሰጥ ጥቅም ስለሚሆን አሰላሉ ሌላ ነውና እዚህ አልገባበትም።

የግብሩ ልክ በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተለውጧል። አሁን በሥራ ላይ ባለው ምጣኔ፣ ከወር ገቢ እስከ 2,000 ብር ያለው ግብር አይከፈልበትም፤ ከ2,001 እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ ከ7,001 እስከ 10,000 ባለው ላይ 25 በመቶ፣ ከ10,001 እስከ 14,000 ባለው ላይ 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ባለው ላይ ደግሞ 35 በመቶ ይከፈላል። እያንዳንዱ ምጣኔ የሚያርፈው በራሱ እርከን ውስጥ በሚገኘው ገንዘብ ላይ ብቻ እንጂ በጠቅላላው ገቢ ላይ አይደለም። የሒሳብ ሠራተኞች ሥራውን ለማቅለል ጠቅላላ ገቢውን በደረሰበት እርከን ምጣኔ አባዝተው ቋሚ ተቀናሽ ያወርዱለታል፤ ተቀናሹ በ15 በመቶው እርከን 300 ብር፣ በ20 በመቶው 500፣ በ25 በመቶው 850፣ በ30 በመቶው 1,350፣ በ35 በመቶው 2,050 ብር ነው። እነዚህን አምስት ቁጥሮች በማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በእነርሱ ላይ የቆመ ነው።

አሰላሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አበል እንደሌለዎት አድርገው በመነሻ ደመወዝዎ ላይ ብቻ ያለውን ግብር ያስሉ። ቀጥሎ አበሉን ከደመወዙ ጋር ደምረው በድምሩ ላይ ያለውን ግብር ያስሉ። የሁለቱ ግብሮች ልዩነት አበሉ ያመጣው ግብር ስለሆነ፣ ይህን ልዩነት ከአበሉ ላይ ሲቀንሱ የሚተርፈው ለኪራይ የሚደርስዎት እውነተኛ ገንዘብ ነው።

በካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ የወር ደመወዟ 18,000 ብር፣ የቤት አበሏ 5,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እናስብ። የደመወዟ ግብር 18,000 በ35 በመቶ ተባዝቶ 6,300፣ ከዚያ ላይ 2,050 ሲወርድ 4,250 ብር ነው። አበሉ ሲጨመር ጠቅላላ ገቢዋ 23,000 ብር ስለሚሆን፣ ግብሩ 8,050 ሲቀነስ 2,050፣ ማለትም 6,000 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ 1,750 ብር ነውና ከ5,000 ብሩ አበል ለአከራይ ሊደርስ የሚችለው 3,250 ብር ብቻ ነው። እንግዲህ ከላይ ባነሳሁት የ12,000 ብር ቤት ከደመወዟ የምታወጣው 7,000 ሳይሆን 8,750 ብር ነው ማለት ነው። የ1,750 ብሩ ልዩነት በዓመት 21,000 ብር ይሆናል፤ ይህን የሚያህል ገንዘብ ሳይታሰብ ሲጎድል ቤተሰብ ይጎዳል።

ደመወዝዎ ብቻውን ከ14,000 ብር በላይ ከሆነ ይህን ሁሉ ደረጃ ማለፍ አያስፈልግዎትም፤ አበሉ በሙሉ በ35 በመቶው እርከን ውስጥ ስለሚወድቅ በ0.65 ማባዛት ይበቃል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አበሉ ከአንድ እርከን ወደ ሌላው የሚያሻግር ሲሆን ነው። ደመወዙ 9,000፣ አበሉ 3,000 ብር የሆነ ሠራተኛ፣ ከአበሉ የመጀመሪያው 1,000 ብር በ25 በመቶ፣ የቀረው 2,000 ብር በ30 በመቶ ይታሰብበታል። ስለዚህ ግብሩ 250 እና 600፣ በድምሩ 850 ብር ሆኖ 2,150 ብር ይተርፈዋል። በተቀናሹ መንገድ ቢሠሩትም ያው ነው፤ የ12,000 ብር ገቢ ግብር 2,250፣ የ9,000 ብር ደግሞ 1,400 ነውና ልዩነቱ 850 ይሆናል። ሁለቱ መንገዶች ካልተስማሙልዎት አንዱ ጋ ስሕተት አለ ማለት ነውና ለማረጋገጫ በሁለቱም መሥራቱን እመክራለሁ። ዝቅተኛ ተከፋይ ዘንድ የሚቆረጠው ያነሰ ነው፤ በ3,500 ብር ደመወዝ ላይ 800 ብር አበል የሚያገኝ ጥበቃ 135 ብር ከፍሎ 665 ብሩ ይቀርለታል።

ጡረታን በተመለከተ በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ፣ አሠሪው የሚያዋጣው ደግሞ 11 በመቶ ሲሆን፣ ሁለቱም የሚታሰቡት በመነሻ ደመወዝ ላይ ነው። ስለዚህ በደመወዝ ሰነድዎ ላይ ጡረታው ከደመወዝና ከአበል ድምር ተቆርጦ ካገኙት፣ ምክንያቱን የመጠየቅ መብት አለዎት። ከዚሁ ጋር፣ አሠሪው «አበሉን ከደመወዝህ ጋር ላዋህደው» ቢል ምን እንደሚለወጥ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ከላይ ያነሳናት ሠራተኛ 5,000 ብሩ ወደ ደመወዟ ቢገባ፣ ግብሩ ሳይለወጥ ተጨማሪ 350 ብር ለጡረታ ይቆረጥባትና በእጇ የሚገባው 2,900 ብር ይሆናል፤ በአንጻሩ አሠሪዋ በስሟ 550 ብር ይጨምራል፣ የጡረታ አበሏም የሚሰላው ከፍ ካለው ደመወዝ ይሆናል። የዕድሜ ልክ ነገር ስለሆነ፣ ለወሩ ኪራይ የሚበቃት ከሆነ እኔ ውሕደቱን እመርጥላታለሁ።

አሰላሉን ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል፤ ከአሠሪ ጋር ለሚደረግ ድርድር እጅግ የሚጠቅመውም ይህ ነው። ለኪራይ በእጅዎ እንዲገባ የሚፈልጉት 6,500 ብር ከሆነና ደመወዝዎ ከ14,000 በላይ ከሆነ፣ 6,500ን ለ0.65 ያካፍሉ፤ መጠየቅ ያለብዎት 10,000 ብር ነው። «6,500 ይጨመርልኝ» ብሎ የጠየቀ ሠራተኛ የሚደርሰው 4,225 ብር ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ተቀጣሪ ከሆኑ ደግሞ ግብሩ የሚሰላው ለየብቻ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ የ3,000 ብር አበል 9,000 ብር ከሚከፈለው እጅ 2,150፣ 18,000 ብር ከሚከፈለው እጅ 1,950 ብር ሆኖ ይወጣል። የአበል ጥያቄ በሁለቱም መሥሪያ ቤቶች የሚቻል ከሆነ፣ ከዝቅተኛው ደመወዝ ጎን የሚጨመረው ብር ለቤቱ የተሻለ ይደርሳል።

የተጣራው አበል ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ከውሉ ጋር ማገናኘት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ ስሌት የሚያግዙ ወሰኖችን አስቀምጧል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መፈጸም ይኖርበታል። ስለዚህ የ12,000 ብር ቤት የሚከራይ ሰው ሊጠየቅ የሚችለው ቅድመ ክፍያ እስከ 24,000 ብር ነው፤ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሲያጋጥም ወሰኑን በአክብሮት ማስታወስ ይገባል። የደላላው ክፍያ ግን ከዚህ ውጭ ስለሚመጣ፣ ቤቱን ለማየት ከመሄድ በፊት ስንት እንደሆነ ጠይቆ በሒሳቡ ላይ መጨመር ነው።

በውሉ ዘመን ውስጥ ጭማሪ የሚደረገው አከራዩ በፈለጉ ጊዜ ሳይሆን፣ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው ልክ ነው። ይህ ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም፣ የቤት አበል በአብዛኛው ለዓመታት ሳይነካ የሚቆይ ቋሚ ቁጥር መሆኑን መርሳት አይገባም። የተፈቀደው ጭማሪ ለምሳሌ ያህል 8 በመቶ ቢሆን፣ የ10,000 ብር ኪራይ 10,800 ይሆናል። ይህን 800 ብር በአበል ለመሸፈን በ35 በመቶው እርከን ያለ ሠራተኛ 800ን ለ0.65 አካፍሎ ወደ 1,231 ብር ገደማ የአበል ጭማሪ መጠየቅ ይኖርበታል። ጥያቄውን የተመዘገበው ውል ቅጂና የታወጀው የጭማሪ ልክ ተያይዘውበት በጽሑፍ ማቅረቡ፣ በቃል «ኑሮ ተወደደ» ከማለት ይልቅ ለአሠሪውም ለመወሰን ያመቻል።

ስሌቱ ትክክል ሆኖ ቀኑ የሚያስቸግርበት ጊዜም አለ። በርካታ የውጭ ድርጅቶችና አንዳንድ የግል ኩባንያዎች ደመወዝ የሚከፍሉት በአውሮፓውያን ወር መጨረሻ ሲሆን፣ አከራዮች ግን ኪራይ የሚጠብቁት በእኛው ወር መባቻ ነው። የአውሮፓውያኑ ኅዳር 30 በእኛ ኅዳር 21 ላይ ስለሚውል፣ ገንዘቡ ከገባ በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌሎች ወጪዎች ይቀድሙታል። ይህን ለማስቀረት ሁለት መንገዶች አሉ፤ የመክፈያውን ቀን ከደመወዝ ቀን ጋር አስማምቶ በውሉ ላይ ማስፈር፣ አለዚያም ደመወዝ በገባ ዕለት ኪራዩን ቀድሞ ማስተላለፍ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ብዙ አከራይ ከመፈራረሙ በፊት በትሕትና ከተጠየቀ በቀኑ ላይ አይከራከርም፣ ከተፈረመ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል።

በተጨማሪም ውል ከመፈረምዎ በፊት ውኃና መብራት በኪራዩ ውስጥ መካተታቸውን ይጠይቁ። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ቦታ፣ ክፍያው በሰው ቁጥር ይሁን በቤት ቁጥር የሚከፋፈለው በውሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ የተጣራው አበልዎ 3,250 ብር ከሆነ፣ በየወሩ የሚለዋወጥ የመብራት ሒሳብ በላዩ ላይ ሲጨመር ቀላል አይደለምና።

የመጀመሪያው ደመወዝ ሲወጣ የደመወዝ ሰነድዎን ጠይቀው የቤት አበሉ ለብቻው መስመር መጻፉን፣ ግብሩ በድምሩ ላይ መታሰቡን፣ ጡረታው በመነሻ ደመወዙ ላይ ብቻ መቆረጡን በራስዎ ስሌት ያመሳክሩ። የአንድ ወይም የሁለት ብር ልዩነት በሳንቲም ማጠጋጋት ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ስሌትዎን በወረቀት ይዘው ወደ ሒሳብ ክፍሉ ይሂዱ። ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ሲያስተላልፉም በምክንያቱ ቦታ ላይ የወሩን ስም ጨምረው «የጥቅምት ወር ኪራይ» ብለው ይጻፉ፤ ደረሰኞቹንም ከውሉ ቅጂ ጋር በአንድ ፋይል ያኑሯቸው።