ዋት የሚበሉ ፕሮሰሰሮችን በውሃ ስናቀዘቅዝ የሚሠሩ ስህተቶች

ውሃ ፕሮሰሰር አያቀዘቅዝም። ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ራዲያተሩ ድረስ ይሸከማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የፋኑና የክፍሉ አየር ነው። ዋተር ኩሊንግ ላይ ብዙ ብር አፍስሶ «ምንም ለውጥ የለውም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የረሳው ይህንኑ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት ማመን

የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ መግለጫ 125 ዋት ይላል። ይህ በመነሻ ፍጥነቱ ሲሠራ ነው፤ ቱርቦ፣ ማለትም ፍጥነቱን ከመነሻው በላይ የሚጨምርበት ሁኔታ፣ ሲገባ ገደቡ 253 ዋት ይደርሳል። የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስም 170 ዋት ይባልና እስከ 230 ዋት ይስባል። 240 ሚሊሜትር ራዲያተር ገዝቶ እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ላይ ከባድ ሥራ መጫን ፋኖቹን ከማስጮህ ውጭ ብዙም ትርፍ የለውም። 360 ይሻላል።

ግን ራዲያተር ከመግዛታችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ፣ ግቡ። በተለይ የቆየ ባዮስ ያላቸው ብዙ ማዘርቦርዶች የኢንቴልን የኃይል ገደብ አንስተው ነው የመጡት። የገደቡ ሳጥን ውስጥ 4096 የሚል ቁጥር ካያችሁ «እንደፈለግህ ብላ» ማለት ነው። ወደ 253 መልሱት። የምታጡት ፍጥነት ጥቂት፣ የሚቀንሰው ሙቀት ግን ብዙ ነው። እግረ መንገዳችሁን ባዮሱን አድሱ፦ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ትልልቅ ፕሮሰሰሮች ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ ሲጎዱ ኢንቴል ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስተካከያ አውጥቷል። ጌም መሀል የሚዘጋን ኮምፒውተር ሁሉ «ሞቆ ነው» ብለው ራዲያተር የሚቀይሩ አሉ። በቮልቴጅ የተጎዳን ፕሮሰሰር ግን የትኛውም ራዲያተር አያድነውም።

95 ዲግሪ አይቶ መደንገጥ

7950ኤክስ ሙሉ ጭነት ላይ እስከ 95 ዲግሪ ወጥቶ እዚያው እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። 14900ኬም ራሱን መግታት የሚጀምረው 100 ላይ ሲደርስ ነው። ፕሮሰሰሩ 90 እያለ ውሃው 38 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ያለው ከትንሿ ቺፕ ሙቀቱ እስኪወጣ ድረስ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ 360ን በ420 መቀየር ውሃውን ትንሽ ያበርደዋል እንጂ ያንን መንገድ አያሰፋውም። መንገዱን የሚያሻሽለው ፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረው፣ ውሃው የሚያልፍበት የብረት ብሎክ አቀማመጥ ነው፦ ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቁ ማጥበቅ፣ በሁለቱ መሀል የሚቀባውን ተርማል ፔስት በደንብ ማዳረስ። 7950ኤክስ በሚሰካበት በኤኤም5 ሶኬት ላይ ደግሞ የሚሞቁት ቺፖች ከመሀል ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ስለሆኑ ኪቱ የተዛነፈ ማሰሪያ ካለው እሱን ተጠቀሙ።

ብሎኩ ሥር ያለውን ፕላስቲክ ልጡት። መጻፉ ራሱ ያሳፍራል፤ ግን ሳይላጥ የሚገጠም ስንት አለ!

ፓምፑን ከሁሉም በላይ ማስቀመጥ

ታሽጎ የሚመጣው ኪት፣ ኤአይኦ የሚባለው፣ ውስጡ ሁልጊዜ ጥቂት አየር አለው። ውሃው በዓመታት ውስጥ በቱቦዎቹ ግድግዳ በኩል ትንሽ በትንሽ ስለሚተን አየሩ ይጨምራል። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ራዲያተሩን ኬዙ ወለል ላይ አስተኝታችሁ ፓምፑ ከላዩ ከሆነ አየሩ ሄዶ የሚሰበሰበው ፓምፑ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሚንኳኳ የውሃ ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ቀጥሎ ሙቀቱ ያለ ምክንያት ይዘላል፣ በመጨረሻ ፓምፑ ደርቆ ይሞታል።

ራዲያተሩ ኬዙ ጣሪያ ላይ ቢሆን ከሁሉ ይሻላል። ፊት ለፊት ከሆነ የራዲያተሩ አናት ከፓምፑ በላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ቱቦዎቹ ከታች ቢወጡ ደግሞ አየሩ አናቱ ላይ ታስሮ ይቀራል።

ፓምፑን እንደ ፋን ማዘዝ

የፓምፑን ሽቦ ተራ የፋን መሰኪያ ላይ ሰክታችሁ ማዘርቦርዱ እንደ ሙቀቱ እያዘገመና እያፈጠነ እንዲነዳው አትተዉት። የፓምፕ መሰኪያ ካለ እዚያ ሰኩት፣ ከሌለም ያንን መሰኪያ 100 ከመቶ ላይ አድርጉት። ባዮሱ «ሲፒዩ ፋን ኤረር» እያለ አላስነሳም ካለ የራዲያተሩን ፋን ሲፒዩ ፋን የሚለው ላይ መሰካት ይበቃል።

ያገኙትን ውሃና ያገኙትን ብረት መቀላቀል

ይህኛው ቱቦ እየቆረጡ ራሳቸው ለሚገጥሙ ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፤ በብሎኩ ውስጥ ያሉት የመዳብ ክንፎች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከፀጉር ብዙም አይሰፋም። የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። የመኪና መለዋወጫ ቤት የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይህ ነው፤ ግን አጠገቡ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ ነውና ጽሑፉን ሳታነቡ አትውሰዱ። የተጣራ ውሃም ብቻውን አይበቃም፤ አልጌና ዝገት የሚከላከል ማሟያ ካልገባበት በወራት ውስጥ ይደፈርሳል። የመኪና ኩላንትም ለግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ተብሎ አልተሠራም፣ መርዝም ነው።

ከውሃው የከፋው ብረቱ ነው። የመዳብ ብሎክ ከአሉሚኒየም ራዲያተር ጋር በአንድ ውሃ ሲገናኝ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ የተበላውም ተመልሶ ብሎኩን ይደፍናል። ርካሽ ብሎ የሞተር ሳይክል ወይም የዘመኑን መኪና ራዲያተር የሚገጥም ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ነው። ብዙዎቹ ኤአይኦዎች ውስጥ ሁለቱ ብረቶች አብረው መኖራቸው እውነት ነው፤ የሚያኗኑራቸው ፋብሪካው የጨመረው ፀረ ዝገት ነው። ኤአይኦን ከፍቶ ተራ ውሃ መሙላት የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ከፍታውንና አቧራውን መርሳት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በእኩል ሙቀት የአየሩ እፍግታ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም በራዲያተሩ የሚያልፈው አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው በቪዲዮ ያሳየውን ውጤት እንዳለ አትጠብቁ። የአዲስ አበባ ክፍል ቀዝቃዛ መሆኑ በከፊል ይክሳል፤ ድሬዳዋ ያለ ወዳጃችሁ ግን ዝቅ ያለው ከፍታ ቢረዳውም ሙቀቱ ይመጣበታል። አቧራውን በተመለከተ ፋኖቹን ፈታችሁ ክንፎቹን ከጀርባ በኩል በብርሃን እዩ። ፋኑና ራዲያተሩ መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈው ግራጫ ነገር ከውጭ አይታይም።

ሳይፈትሹ ማስነሳት፣ ቶሎ መፍረድ

ራሳችሁ የገጠማችሁት ከሆነ ማዘርቦርዱን ኤሌክትሪክ ሳታስነኩ ፓምፑን ብቻ አንቀሳቅሱ። የፓወር ሰፕላዩን ባለ 24 መሰኪያ ሽቦ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ አረንጓዴውን ከአንዱ ጥቁር ጋር ማገናኘት ያስነሳዋል፤ ወደ ፕሮሰሰሩና ወደ ግራፊክስ ካርዱ የሚሄዱትም ተነቅለው ይቆዩ። በየመገጣጠሚያው ሥር ነጭ ሶፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። እርጥቧ ነጥብ ወዲያው ትታያለች።

ሌላው ስህተት በአምስት ደቂቃ ፈተና መፍረድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በ250 ዋት ሲሞቅ፣ ራዲያተር ባይኖር እንኳ፣ አንድ ዲግሪ ለመጨመር 17 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ራዲያተር ሲኖር ደግሞ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ይበልጥ ይዘገያል። ስለዚህ ውሃው ገና ሳይሞቅ የሚታየው ቁጥር ሁሌም ያማረ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጭነት ላይ አቆዩትና የውሃው ሙቀት መጨመሩን ሲያቆም አንብቡ። የክፍሉንም ሙቀት አብራችሁ መዝግቡ፤ በሐምሌ ብርድና በመጋቢት ፀሐይ የተለኩ ሁለት ቁጥሮች ያለዚያ አይወዳደሩም።