ግላኮማ ያለበት ሰው ዓይኑ ደም በደንብ እየደረሰው እንደሆነ እንዴት ይታያል

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ምናምን ለምንኖር ሰዎች የዓይን ስፔሻሊስት ጋ መድረስ ራሱ ግማሽ ቀን ይበላል፣ ስለዚህ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለባቸውን እናት ወይ አባት ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት የሚሠራውን ጨርሱ።

ደም ዓይን ውስጥ ለመግባት የዓይኑን የራሱን ግፊት ማሸነፍ አለበት። ለዛ ነው "የዓይን ግፊቱ ከ21 በታች ነው፣ በቃ ሰላም ነው" የሚባለው ነገር የማይመቸኝ፣ የክንዱ ደም ግፊት በጣም ከወረደ እኮ ነርቩ ደም ሊያንሰው ይችላል።

በክንድ በሚታሰረው መለኪያ ለኩ። 5 ደቂቃ ቁጭ ብለው፣ እግር ሳያነባብሩ፣ ቡና ከጠጡ ደግሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቶ (እማማን ጠዋት ቡና ከልክሎ መለካት የሚችል ካለ ይንገረኝ)። ከላይኛው ቁጥር ታችኛውን ቀንሱ፣ ለ3 አካፍሉ፣ ታችኛው ላይ ደምሩት። የመጣውን በ2 አባዙ፣ ለ3 አካፍሉና ካርዱ ላይ የተጻፈውን የዓይን ግፊት ቀንሱበት። 120/80 ሆኖ የዓይን ግፊቱ 20 ከሆነ ደሙን ወደ ዓይን የሚገፋው ግፊት ወደ 42 ይመጣል፣ በዛው ዓይን 100/60 ሲሆን ግን 29 ገደማ ይወርዳል። ያው ግምት ነው፣ የካርዱ ቁጥር የሌላ ቀን ስለሆነ በሽታ አይነግራችሁም። ግን ጠዋትና ማታ ለክታችሁ፣ የደም ግፊት ኪኒን የሚዋጥበትን ሰዓት ጎኑ ላይ ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት፣ ማታ የሚውጡ ሰዎች ላይ ግፊቱ በእንቅልፍ ሰዓት ይበልጥ ሊወርድ ይችላል። ኪኒኑንም ጠብታውንም በራሳችሁ እንዳታቆሙ!

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣ ኦሲቲ አንጂዮግራፊ የሚባለው መርፌም ቀለምም የለውም፣ አገጭ አስደግፎ መብራቷን ትክ ብሎ ማየት ነው። የሚያሳየው ደም የሚንቀሳቀስባቸውን ጥቃቅን ስሮች ነው እንጂ የደሙን መጠን አይደለም፣ ፍጥነቱን በሴንቲሜትር በሰከንድ የሚሰጠው የተዘጋ ዓይን ላይ ጄል ተቀብቶ የሚሠራው ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። ዓይን ከደረቀ ወይ ከተርገበገበ ምስሉ ስለሚበላሽ "ጥራቱ ስንት መጣ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ዝቅ ካለ እዛው ይደገም። ብሌን የሚከፍት ጠብታ ከተደረገላቸው ለሰዓታት ይደበዝዝባቸዋል፣ ታክሲ ብቻቸውን እንዳይሳፈሩ፣ ኮፍያም ያዙ።

ውጤቱን ፕሪንት አስደርጉ፣ የሚቀጥለውንም በዛው ማሽን አሠሩ፣ የሁለት የተለያየ ማሽን ቁጥር አይወዳደርም።