ሩቅ ያለው ሐኪም ድንኳኑን አያየውም፦ በመስክ ሆስፒታል ራጅ ሲነሣና ሲላክ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በ1888 ዓ.ም.፣ የራጅ ጨረር ከተገኘ ዓመት ሳይሞላው፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የጣሊያን ወታደሮች ኔፕልስ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት በራጅ ተፈልጎላቸዋል። ያን ጊዜ አንሺውና አንባቢው አብረው ነበሩ። ዛሬ ምስሉ ድንኳን ውስጥ ይነሣል፣ የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ርቀት ነው።

አንድ ምስል ይበቃል ማለት። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ከፊት ብቻ በተነሣ የደረት ራጅ ላይ ፍንጣሪው ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ሳንባ ውስጥ ይሁን የጀርባ ጡንቻ ላይ ግን አይታወቅም። ስለዚህ በጎንም ይነሣ። ጥይቱ በገባበት ቁስል አጠገብ የወረቀት አግራፍ በፕላስተር ቢለጠፍ ራጁ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ አንባቢውም የጥይቱን መንገድ ከዚያ ተነሥቶ ይከተላል። ኪስ ግን አስቀድሞ ይፈተሽ፤ የተረሳ ሳንቲም ስንቱን ያሳስታል!

ያለ ታሪክ መላክ። «ወንድ፣ ደረት» ተብሎ የተላከ ራጅ ግማሽ ራጅ ነው። መቼ ቆሰለ? በምን? የደም ግፊቱ ስንት ነው? ቀዶ ሐኪሙስ ማወቅ የፈለገው ምንድን ነው? ስሙ ያልታወቀ ቁስለኛ እጁ ላይ በታሰረው ቁጥር ይላክ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጫን። ሰውነትን በቁራጭ በቁራጭ የሚያሳየው የራጅ ምርመራ፣ ሲቲ ስካን፣ 300 ምስል ቢኖረውና እያንዳንዱ ግማሽ ሜጋባይት ቢሆን፣ 150 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት (የሜጋባይት አንድ ስምንተኛ) በሚያሳልፍ የሳተላይት መስመር፣ ሳይቆራረጥ እንኳ፣ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ወፍራም ቁራጮቹ ይቅደሙ፣ ቀጫጭኖቹ ይከተሉ። መስመሩ ዘገየ ብሎ የኮምፒውተሩን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላክ ደግሞ የባሰ ነው፤ ራዲዮሎጂስቱ ብርሃንና ጥላውን እያስተካከለ ሳንባ ዳር የተደበቀውን ስስ የአየር መስመር ሊፈልግ አይችልም።

መልስ መጠበቅ። ደረቱ ውስጥ የታመቀ አየር ትንፋሽ የነሣው ቁስለኛ ራጅም ሪፖርትም አይጠብቅም፤ አየሩ ወዲያው ይውጣለት። የደም ግፊቱ እየወረደ ያለውንም ወደ ሲቲ ስካን መግፋት አይገባም፤ አልጋው ላይ እንዳለ ሆዱ ውስጥ ደም መፍሰሱን በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል።

ሸራን እንደ ግድግዳ ማመን። ሸራ ጨረር አያግድም። ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ሥራ የሌለው ሁሉ ራቅ ይበል።

ውጤትን በ«እሺ» መቀበል። አደገኛ ግኝት በስልክ ሲነገር ተቀባዩ የቁስለኛውን ቁጥር አንድ በአንድ መልሶ ይጥራ። በጄኔሬተር ጩኸት መካከል «ስድስት» እና «ስድሳ» አይለዩም።