የድሮ የፈረንሳይ የአበባ ብሮሽ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1734 የፈረንሳይ ንጉሥ ጌጥ ሠሪ የሆነው ዦርዥ ፍሬደሪክ ስትራስ ስሙ የገነነው እርሳስ የበዛበትን ብርጭቆ እንደ አልማዝ ቆርጦ በመሥራት ነው፤ እንዲህ ያለው ፈርጥ እስከ ዛሬ «ስትራስ» ይባላል። ብልጭታው ግን ከብርጭቆው ብቻ አይመጣም። ከብዙዎቹ ፈርጦች ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ስስ የብረት ልባስ አለ፤ የድሮ ብሮሽም (ልብስ ላይ የሚሰካ ጌጥ) አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ውሃ በፈርጡና በመቀመጫው መካከል ባለች ቀጭን ክፍተት ይገባል፤ ጀርባው ድፍን ከሆነ ቶሎ መውጫ አያገኝም፣ ልባሱንም ይበላዋል። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ግራጫ ጥላ ይታያል፣ ቀስ እያለ ፈርጡ በሙሉ ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ ምንም ቢወለወል አይመለስም። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉ። ያልለቀቀ እድፍ ካለ ጥጥ በውሃ ነክረው፣ በደንብ ጨምቀው የፈርጡን ፊት ብቻ ይጥረጉ፤ ከዚያ ብሮሹን ፊቱን ወደ ታች ደፍተው ጨርቅ ላይ ያድርቁት። ሽቶም ብሮሹ ከመሰካቱ በፊት ይነፋ።

የወለቀ ፈርጥ በሱፐር ግሉ አይለጠፍም። ትነቱ ብርጭቆው ላይ ነጭ ጉም ይተዋል፣ ሲደርቅም ተሰባሪ ነው። አሮጌውን ሙጫ በስቴኪኒ ፍቀው ያውጡ፤ ሁለት ክፍል ያለው ቀለም አልባ ኢፖክሲ (ጠንካራ ሙጫ) በመመሪያው መጠን ቀላቅለው ለትንሽ ፈርጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠብታ ያድርጉ። ከበዛ በጠርዙ ገንፍሎ ፊቱን ይሸፍናል። ፈርጡን በወረንጦ አስቀምጠው አንድ ቀን ሙሉ አይንኩት።

ምትኩንም ያስተውሉ። የቀስተ ደመና ቀለም የሚረጨው ልባስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠራ ብሮሽ ላይ ካዩት ፈርጡ ተቀይሯል ማለት ነው።

የብረቱን ዓይነት የሚያሳይ ማኅተም ያልተመታበትን ብሮሽ ሁሉ አስመስሎ የተሠራ ነው ማለትም ስህተት ነው። የንስር ራስ ወርቅን፣ የከርከሮ ራስ የፓሪስን ብር ያመለክታል፤ የናስ አርቴፊሻል ጌጥ ግን እንዲህ ያለ ማኅተም አይመታበትም። ግሪፕዋ በሚባለው የፓሪስ ቤት እንደሚሠራው፣ ቀልጦ በናስ ክፈፍ ውስጥ የፈሰሰ የብርጭቆ ቅጠል ላይ ትንንሽ አረፋ ቢያዩም አይደንግጡ፤ ከአሠራሩ የመጣ ነው።

አበባው በሽቦ ጥቅል ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሲሰኩት አበባውን ሳይሆን የጀርባውን ሰሌዳ ይያዙ። ሽቦው አንዴ ከተጣመመ ለማቅናት ሲታገሉ እዚያው ይሰበራል፤ ልበይደው ቢሉ ደግሞ ሙቀቱ ብርጭቆውን ይሰነጥቀዋል።